የእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ጭስ ማውጫ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18። ከሰዓት 3፡15

ቫን ውስጥ ነኝ። ዳውንታውን አጠገብ ያለ አሮጌ የጡብ ቤት። ፈርነሱን፣ ቤቱን የሚያሞቀውን፣ ገጥመን ጨረስን። የካምፓኒው ደንብ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ በርና መስኮት ሁሉ ይዘጋል፣ የልብስ ማድረቂያው ይበራል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ይበራል፣ ሙቅ ውሃ ይከፈታል። አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ክብሪት ትጭራለህ። ታጠፋዋለህ። ጭሱን የውሃ ማሞቂያው ቱቦ ሥር ትይዘዋለህ። ወደ ላይ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ፊትህ ከመጣ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ቤት እየተመለሰ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተሳበ። ባለቤቱ ስሜን እንኳ በትክክል መጥራት አይችልም፤ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና አመሰገነኝ።

ክብሪቱን እንደያዝኩ ትዝ ያሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እሳቸው ቤት አልጫርኩም።

ደብተሬ፣ ላንቺ እንኳ አልነገርኩሽም። ፈርነሳቸውን ከገጠምኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19። ጠዋት 6፡20

ሥራ ከመግባቴ በፊት ልጻፈው።

ቅዳሜ ነበር። ቤታቸው ኦሮራ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ጀርባ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ የልጄ የሜሮን ክርስትና እናት ናቸው። ባላቸው ጋሽ ተረፈ ዳውንታውን የአንድ ሆቴል ፓርኪንግ ሌሊት ይጠብቃሉ፣ ቀን ይተኛሉ። የሚተኙት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው፤ ጨለማ ስለሆነ። የድሮው ፈርነስ ተሰንጥቆ ነበር። አንተ እያለህ ካምፓኒ ምን ያደርግልናል አሉኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

የድሮው ፈርነስና የውሃ ማሞቂያው በአንድ የጡብ ጭስ ማውጫ ነበር የሚተነፍሱት። አዲሱ ፈርነስ በነጭ የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጭስ ማውጫው አያስፈልገውም። ስለዚህ የውሃ ማሞቂያው ብቻውን ቀረ። ለሁለት የተሠራ ሰፊ ማውጫ ነው። የአንዱ ትንሽ ሙቀት ያን ሁሉ ቀዝቃዛ ጡብ ማሞቅ አይችልም። ጭሱ መንገድ ላይ ይቀዘቅዝና ተመልሶ ይወርዳል። መፍትሔው ከጣሪያ እስከ ታች ቀጭን የብረት ቱቦ ማስገባት ነው። ላይነር ይባላል። የግማሽ ቀን ሥራ።

ላይነር አልያዝኩም ነበር። የሚሸጥበት ሱቅ ሊዘጋ ነው። እኛም ሰርግ ተጠርተናል። ለጋሽ ተረፈ የሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ጭስ ማውጫውን አስተካክላለሁ አልኳቸው። እሺ አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ላይ ቤት ምሳ እያቀረቡ ነበር፣ አልሰሙም።

ፐርሚትም፣ የከተማውን የግንባታ ፈቃድ፣ አላወጣሁም። የራሴ የሙያ ፈቃድ የለኝም፤ የምሠራው በካምፓኒው ፈቃድ ነው። ፐርሚት ቢወጣ ኢንስፔክተር ይመጣል። ኢንስፔክተር ቢመጣ ያልጫርኩትን ክብሪት እሱ ይጭረዋል።

ሌላም አለ። ዛሬ አልጽፈውም።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 21። ጠዋት 6፡30

ትናንት ሰብለ፣ ባለቤቴ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ጋ ደውላ ነበር። ራሳቸውን ያማቸዋል አለችኝ። ጠዋት ልብስ ሲያጥቡ ይጀምራቸዋል፣ ገበያ ሲወጡ ይተዋቸዋል። ደም ግፊት መስሏቸዋል። ሰብለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው፣ በሽታ ታውቃለች። ምን ይመስልሃል አለችኝ።

ጉንፋን ይሆናል አልኩ።

ወዲያው ነው የወጣው ከአፌ። ሳላስብ። ሚስቴ አመነችኝ፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እሺ። ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ቤዝመንቱ ደረጃ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ነበር፤ የተቃጠለ ጋዝ ቤት ሲገባ የሚጮህ። ዕድሜው ስላለቀ በየደቂቃው ጢጥ ይላል። ሥራዬን ረበሸኝ። ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አዲስ አመጣለሁ ብዬ።

አዲሱን ገዝቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነው። ቫኑ ውስጥ፣ ከወንበሬ ጀርባ ተቀምጧል። ይዤው ብሄድ ለምን መጣህ ይሉኛል። ለምን መጣሁ ልበል?


እሑድ፣ ኖቬምበር 23። ከሰዓት 2፡00

ከቤ/ክ መምጣቴ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ መጥተው ነበር። አዳራሹ ውስጥ እጄን ይዘው ከሰው ሰው አዞሩኝ። ቤቴን ገነት አደረገው፣ እጁ ይባረክ አሉ። ሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥሬን ወሰዱ፤ የእኛንም አይተህ ቀይርልን አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ!

ፊታቸው ገርጥቷል። ከሰው ለየት አድርጌ ወሰድኳቸው። እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አዲስ ፈርነስ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሸታል፣ ቤዝመንት መስኮት ገርበብ አድርጉ አልኳቸው። በዚህ ሳምንት እመጣለሁ አልኩ። ተባረክ አሉኝ።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ሰብለ ምን ሆነሃል አለች። ምንም አልሆንኩም አልኳት።

በዚያው መሄድ እችል ነበር። ከቤ/ክ እሳቸው ቤት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። አለቃዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በግሌ እንደምሠራ ካወቀ ያባርረኛል፤ ይህን ነበር የማስበው። ሥራዬን። ጋሽ ተረፈ የሚተኙት ከማሞቂያው አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። እሱን እያወቅሁ የማስበው ሥራዬን ነው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25። ማታ 6፡30፣ ሆስፒታል

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከትናንት ጀምሮ በረዶ ነው። ኮሜርስ ሲቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ብርዱን ሳይ እትዬ ጥሩወርቅ የቤዝመንቱን መስኮት ይዘጉታል ብዬ አሰብኩ። ጠዋት 11፡30 ደወልኩላቸው፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሦስተኛም። ለአብሮ ሠራተኛዬ እመጣለሁ ብዬው ወጣሁ። መንገዱ ያንሸራትታል፣ ነዳሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ በሩን ለመክፈት ብዙ ቆዩ። አስታውከዋል። ግድግዳ ይዘው ነው የቆሙት። መስኮቱስ? አልኳቸው። በረዶ ገባ፣ ዘጋሁት አሉ። ከታች የልብስ ማድረቂያው ይሰማል። የጋሽ ተረፈን ዩኒፎርም እያጠቡ ነው።

በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸውና ወረድኩ። ደረጃው ሳያልቅ የያዝኩት የጋዝ መለኪያ መጮህ ጀመረ። ጋሽ ተረፈ አልጋቸው ላይ ናቸው። ጠራኋቸው። ነቀነቅኳቸው። ዐይናቸው ይከፈታል፣ አያየኝም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከባድ። አዘልኳቸው። ያን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በረንዳው ላይ አጋደምኳቸው። 911 ደወልኩ።

እሳት አደጋዎች መጡ። ኦክስጅን አደረጉላቸው። አንዱ፣ ጺማም፣ ከቤዝመንቱ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ፈርነሱ አዲስ ነው፣ የውሃ ማሞቂያው ጭስ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል አለኝ። ማን ነው የገጠመው አለ።

አላውቅም አልኩ። የቤተሰብ ወዳጅ ነኝ አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ማስክ አፋቸው ላይ ነው። እንግሊዝኛ ብዙ አይናገሩም። ይሰማሉ ግን። አዩኝ። ከዚያ ዐይናቸውን ወደ በረዶው መለሱ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26። ከሰዓት 4፡00

ጋሽ ተረፈ ነቅተዋል። ሐኪሟ የሚስታቸውን ስም ጠየቀቻቸው። ፈለጉት። ረጅም ጊዜ ፈለጉት። አርባ ዓመት የጠሩትን ስም። በመጨረሻ አገኙት፣ ሁላችንም ተነፈስን። የማስታወስ ችሎታቸው ይመለሳል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አለች ሐኪሟ።

ስልኬ አያርፍም። እግዚአብሔር ነው የላከህ ይላሉ። የቤ/ክ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ደወለ። ሰብለ እያለቀሰች አቀፈችኝ። በምን አወቅህ አለችኝ። ስሜት ነው አልኳት። ስሜት!

ጋዙ ተዘግቷል። ፈርነሱ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፈዋል። ቤቱ በረዶ ነው። ነገ እኛ ጋ ይመጣሉ። ሌላ ማን አላቸው።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27። ከሰዓት 5፡10

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካ የምስጋና ቀን። ጾም ገብቷል፣ የበዓሉ ዶሮ ተርኪ የለም። ሰብለ አሥር ዓይነት የጾም ምግብ ሠራች። ሜሮን ክፍሏን ለቃላቸው ሳሎን ልትተኛ ነው። ለጓደኞቿ የጻፈችውን በእንግሊዝኛ አነበበችልኝ። አባቴ ሁለት ሰው አዳነ ይላል። ሂሮ፣ ጀግና፣ የሚል ቃል አለበት። አስራ ሁለት ዓመቷ ነው። እንዲህ ኮርታብኝ አታውቅም።

ከምግብ በኋላ ጋሽ ተረፈ አየር ልቀበል አሉ። ጋራዡ በር ላይ ወንበር አወጣሁላቸው። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። መንገዱን ያያሉ። ቃላቸው አሁንም ዝግ ይላል፣ ግን እያንዳንዱን መርጠው ነው።

«ብርሃኑ፣» አሉኝ፣ «ጭስ ማውጫውን ልሠራ እመለሳለሁ ብለኸኝ ነበር። እሱ ነው?»

«አዎ ጋሼ። እሱ ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። አላርሙንም የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን አዩት፣ አሁንም ይርበተበታል፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱት።

«ለጥሩወርቅ አንተው ንገራት። እኔ አልነግርልህም። አልደብቅልህምም።»

ከዚያ ብርድ ነው፣ አስገባኝ አሉ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ያዙኝ። ሌላ የሚይዙት አልነበረም።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 28። ጠዋት 9፡00

መጀመሪያ ለሰብለ ነገርኳት። መኝታ ቤት፣ በር ዘግቼ። ሁሉንም። ጉንፋን ይሆናል ያልኩትንም። እሱ ላይ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ። ጉንፋን ባትለኝ ኖሮ እለየው ነበር፣ ምልክቱን ሥራ ቦታ አስተምረውናል አለች። አንተን ስላመንኩ መመርመር ተውኩ አለች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ራሴን ያልጠየቅሁት።

«ሌላ ስንት ቤት አለ?»

በአራት ዓመት ውስጥ በግሌ ዘጠኝ ቤት ገጥሜያለሁ። ከዘጠኙ በሦስቱ የውሃ ማሞቂያው አሮጌ ጭስ ማውጫ ላይ ብቻውን ቀርቷል። አንዱ የእትዬ ጥሩወርቅ ነው። ሁለተኛው እዚሁ ኦሮራ ያለው የዮናስ፣ ኡበር የሚነዳው ልጅ። ሦስተኛው ኮሜርስ ሲቲ ያለ ቤት፤ ሰዎቹ ሸጠውት ወደ ቴክሳስ ሄደዋል፣ አሁን ማን እንዳለበት አላውቅም።

የዮናስ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት።

ጃኬትህን ልበስ አለችኝ ሰብለ።


ዓርብ፣ እንደገና። ከሰዓት 3፡40

ዮናስ ቤት። ሁሉን ዘጋሁ፣ ማድረቂያውን አበራሁ፣ ጠበቅሁ፣ ክብሪት ጫርኩ። ጭሱ ቱቦው ሥር ቆመ። አመነታ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ወረደ። መለኪያው ብዙ አላሳየም፣ ግን አሳየ። የውሃ ማሞቂያውን ጋዝ ዘጋሁት። አዲሱን አላርም ሰካሁላቸው። ሚስቱን ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ ያለውን ንገራቸው አልኩት። ለምን እንደሆነ ነገርኩት።

ዮናስ ሶፋው ላይ የነበረውን ጃኬቴን አንስቶ ሰጠኝ። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ሰማሁት።

ማታ። ዮናስ ከሆስፒታል መልእክት ጻፈ፤ ደሟን አይተዋል፣ ደህና ናት፣ ፅንሱም ደህና ነው። «አትደውልልኝ» ብሎ ጨረሰው።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29። ጠዋት 11፡00

እትዬ ጥሩወርቅ ወጥ ቤት ምስር እየለቀሙ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ያገለግላቸዋል፣ ሥራ ካልያዙ አይሆንላቸውም። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ነገርኳቸው። ምስሩን መልቀም አላቆሙም።

«ለእሳት አደጋው ሰውዬ አላውቅም ስትል ሰምቼሃለሁ፣» አሉ። «ያኔ ነው የገባኝ። አራት ቀን ጠበቅሁህ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱን ቆይ።» ጠጠር አገኙ፣ ለይተው አስቀመጡት። «እኔ ቤ/ክ መሐል እጅህን ይዤ አመሰገንኩህ። ሁለት ሰው በእኔ አፍ አምኖ ቤቴን ሥራልኝ ብሎሃል። ያን ምስጋናዬን ምን ላድርገው?»

ሌላ ጠጠር ለይተው አስቀመጡ።

«እዚያው ሄደህ መልሰው።» ምስራቸውን ይዘው ተነሡ።

ለንስሐ አባቴ ልደውል አስቤ ነበር። ለአንድ ሰው በሹክሹክታ መንገር። ስልኩን አስቀመጥኩት። ንስሐውስ ይደርሳል፤ አሁን ልደበቅበት ነበር።


እሑድ፣ ኖቬምበር 30። ከሰዓት 2፡30

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሊቀመንበሩ ማይክ ሰጠኝ። እሱ የመሰለው የሰዉን ምስጋና ልቀበል ነው። ጋሽ ተረፈና እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ሜሮን ከጓደኞቿ ጋር በር አጠገብ ቆማለች። ማለዳ መኪና ውስጥ ነግሬያታለሁ። ጆሮ ማዳመጫዋን አደረገች።

ተናገርኩ። አጭር ነበር። ያዳንኳቸው ከራሴ ሥራ ነው አልኩ። ላይነሩን፣ አላርሙን፣ ፐርሚቱን፣ ለእሳት አደጋው የዋሸሁትን። ሁሉንም ዘረዘርኩ።

አንድ ሽማግሌ ይህ አደባባይ የሚወጣ ነገር አይደለም ብለው አጉረመረሙ። ፈርነሴን ቀይርልኝ ያለችኝ ሴት ዐይኗን ከእኔ አነሳች። ልክ ናት።

ከዚያ ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ። የእኔ ቤት ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ አሉ። ሌላውም ጠየቀ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነገርኳቸው፤ አላርሙ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ከጀርባው አንብቡ፣ ሲጮህ ወጥታችሁ ደውሉ፣ ፈርነስ ሲገጠም ፐርሚቱን አሳየኝ በሉ፣ ዘመድም ቢሆን። በተለይ ዘመድ ከሆነ። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ማንም እጄን አልጨበጠም፣ ግን ብዙዎች ስልካቸው ላይ ጻፉ።

ስንወጣ ሜሮን መኪና ውስጥ ከፊት አልተቀመጠችም። ከኋላ፣ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጎን።


ሰኞ፣ ዲሴምበር 1። ከሰዓት 4፡05፣ ኮሜርስ ሲቲ

መኪናዬ ውስጥ ነኝ። የራሴ መኪና። የቫኑን ቁልፍ ጠዋት አስረክቤያለሁ። አለቃዬ ሰምቶ ሲጨርስ አልጮኸም። ከማንም ይልቅ አንተ ታውቃለህ አለኝ። መሣሪያዬን ለቅሜ ወጣሁ።

ከዚያ ኦሮራ፣ የግንባታ ፈቃድ ቢሮ። ቅጽ ሞላሁ። ጸሐፊዋ ራስህን ነው የምትከስሰው ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ቅጣት ይመጣል፤ ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኩም። የእትዬ ጥሩወርቅንና የዮናስን ቤት ፈቃድ ያለው ሰው ፐርሚት አውጥቶ ላይነር ያስገባላቸዋል። ያን የምከፍለው እኔ ነኝ። ጋሽ ተረፈ ሥራ ሲመለሱ ቀን የት እንደሚተኙ ጠየቅኳቸው። ላይ ቤት፣ መስኮት ያለበት አሉ። ቤዝመንት አልወርድም አሉ።

የኮሜርስ ሲቲው ቤት በኦሮራ ሥር አይደለም። የዚያን ከተማ ቢሮ ደወልኩ። አድራሻውን ተቀበሉኝ፣ ለባለቤቶቹ ደብዳቤ ይላካል አሉ። ደብዳቤ ቀን ይፈጃል። ነገ ከዚህ የባሰ ብርድ ይመጣል ተብሏል።

ስለዚህ መጣሁ፤ ዓርብ መምጣት ነበረብኝ። ቤቱ ፊት ለፊት ቆሜ ግማሽ ሰዓት ሆነኝ። እዚህ ማንም አያውቀኝም። ፈርነሱ ላይ ስሜ የለም። ሞተር አስነሥቼ ብሄድ የሚጠይቀኝ የለም፤ ሁለቴ ቁልፉን ነክቼዋለሁ። የደብዳቤ ሣጥኑ ላይ ያለው ስም የእስፓኒሽ ነው። እስፓኒሽ አልችልም። በእንግሊዝኛ እየተለማመድኩ ነው፤ አጭር እንዲሆን፣ እንዳያስደነግጥ፣ ግን ዛሬውኑ ጋዙን እንድዘጋ እንዲፈቅዱልኝ። ባይፈቅዱልኝ እዚሁ በረንዳቸው ላይ ቆሜ እሳት አደጋ እጠራለሁ። ወስኛለሁ።

አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። መኪናዬን እያየች ነው። ይህ ደግሞ ማን ነው እያለች ይሆናል። ልውረድና ልንገራት፣ ታች ቤት ያለውን ፈርነስ የገጠምኩት እኔ ነኝ ብዬ።